«አርድሃለሁ» ለምትሉ ልጆቼ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ጅማ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበርኩ። ስለ ቢላዋ የምጽፍላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ከሄርማታ ገበያ ስመለስ አንዲት ቡና ሻጭ ዘንድ አረፍ አልኩ። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች ስለ አርሰናል ጨዋታ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ይጻጻፋሉ። አንደኛው የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ «አንገትህን ነው የምቀነጥሰው!» ሁለተኛው እየሳቀ፣ «አርድሃለሁ በልልኝ!» አለው። እነርሱ ስልካቸውን ሲያዩ እኔ ሴትዮዋን አየኋት። ጀበናዋን እንዳዘነበለች ቀረች፤ ቡናው ከሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

ይህችን ሴት አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት ልጇ አንገቱን በቢላዋ ተወግቶ ሌሊት ወደ እኛ መጥቶ ነበር። በአራተኛው ቀን አረፈ።

እኛም ንጹሕ አልነበርንም። ተረኛ ስንቀያየር በሽተኛውን በቁስሉ እንጠራው ነበር። «ቢላዋው እንዴት አደረ?» ብዬ ባልደረባዬን ስጠይቅ እናትየው በሩ ላይ ቆማለች። «ልጄ ስም አለው» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔን ሥራው አደንድኖኝ ነው። ደም የነካው ጓንት አውልቃችሁ የማታውቁትን እናንተን ማን አደነደናችሁ?

በልጅነታችን ክፉ ቃል ካመለጠን እናቶቻችን «አታሟርት!» ብለው ይቆጡን ነበር። የሰው ቁስል ሲነሣ «አያድርስ» ሳይባል አይታለፍም። አጉል እምነት ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ለሰሚው መጠንቀቅ ነበር ባይ ነኝ። ከተቀመጡት መካከል ማን ምን እንደ ደረሰበት አይታወቅማ! ስልክ ላይ ደግሞ የሚያነበው ሰው ፊቱም አይታይ።

ሕጉም ዝም አላለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በጽሑፍም ሆነ በምስል በሰው ላይ ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ ለሚዝት እስከ 3 ዓመት፣ ከባድ ሲሆንም እስከ 5 ዓመት እስራት ደንግጓል። «ቀልዴን ነው» ማለት ዳኛ ፊት ያዋጣ እንደሆነ ጠበቃ ጠይቁ።

በኳስ አትከራከሩ አላልኩም። አጥቂያችሁ ጎል ፊት ሲደርስ ሚዛን እንደ ጠፋበት ቡና ነጋዴ ይደናበራል በሉ! ስድብ እንኳ ድሮ ጥበብ ይጠይቅ ነበር።

ሂሳቤን ከፍዬ ስነሣ ሴትዮዋ ረከቦቱን እየወለወለች ነበር። አንደኛው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «እማማ፣ ድገሚን» አላት። ቀዳችላቸው።