ዕጩው እሁድ መድረክ ላይ ይውጡ ወይ?

ጥያቄ፦ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ሐዋሳ ባለ አንድ የወንጌል አማኞች አጥቢያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ለምርጫ የሚወዳደሩ አንድ ዕጩ እሁድ መጥተው «ምዕመኑን ሰላም ማለት» ይፈልጋሉ። ፓስተራችን መድረክ አውጥተን እጅ ጭነን እንጸልይላቸው ይላሉ። ሰውዬው አማኝ ናቸው፤ የአምልኮ ቦታችን ካርታም ሳያልቅ ዓመታት አልፈዋል። ወጣቶቹ ተቆጥተዋል። እኔም ስቃወም «እግዚአብሔር በቀባው ላይ አትነሳ» ተባልኩ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይውጡ ይበሉ።

ከጥቅሱ ልነሳ። በ1ኛ ሳሙኤል 24 ዳዊት «እግዚአብሔር የቀባው» ያለው ሳኦልን ላለመግደል እንጂ ላለመውቀስ አይደለም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ንጉሡን ከኋላው ተጣርቶ፣ የቆረጠውን የልብሱን ዘርፍ በእጁ ይዞ እያሳየ ይሟገተዋል። ጥቅሱ ተቃውሞን ለማፈን ሲውል ግማሹ ተቆርጦ ነው።

ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። በምዕመኑ ፊት እጅ የተጫነበት ሰው ነገ በጀት ቢያባክን፣ የሚጠይቀው ሁሉ ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላ ይመስለዋል። ሌላውን ዕጩ የመረጠችውም እህት እምነቷን የካደች ያህል ይሰማታል።

በጓቲማላ እ.ኤ.አ. በ1982 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ሪዮስ ሞንት የወንጌል አማኝ ነበር። እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን ስለ ሥነ ምግባር ሲሰብክ፣ ሠራዊቱ የማያ ተወላጆችን መንደሮች ያቃጥል ነበር። የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ቺሉባም በ1991 አገሪቱን «ክርስቲያን አገር» ብለው አወጁ። በ2001 የሁለት ዘመን ገደቡን አልፈው ለሦስተኛ ጊዜ ለመወዳደር ሲከጅሉ ግን፣ የወንጌላውያን ኅብረቱ ከካቶሊክ ጳጳሳትና ከሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ኦአሲስ ፎረም በተባለው ጥምረት ተቃወማቸው፤ ቺሉባም ተዉት። እምነቱ አንድ ነው፤ ለገዢ ማጨብጨብም፣ ገዢን «በቃ» ማለትም ከእርሱ ወጥቷል።

ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 11 ላይ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ሁሉ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።

እሁድን በተመለከተ፣ ዕጩው እንደ ማንኛውም አምላኪ ገብተው ይቀመጡ፤ ማይክ አይሰጣቸው፣ ፕሮግራም መሪውም ስማቸውን አይጥራ። ይህን ለፕሮግራም መሪውና ለካሜራ ባለሙያው ቅዳሜ ይንገሩ፤ በዕለቱ ከተባለ ይረሳል፣ ፎቶውም ከቡራኬው በፊት ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ጸሎቱ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 እንደሚለው ስለ ባለሥልጣናት ሁሉ፣ ያለ ስም ይሁን። ዕጩዎችን መስማት ከፈለጋችሁ በአዘቦት ቀን፣ ከአምልኮ አዳራሹ ውጭ፣ ለሁሉም ፓርቲ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፉ። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይሰጠው፤ ጥያቄው በወረቀት ይሰብሰብ፣ መድረኩን ፓስተሩ አይምሩት።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ሁሉም ይፈርሙበት፤ ያለዚያ «ጸሐፊው ብቻውን ከለከለ» ይባላሉ። የካርታውን ነገር ከዕጩው ጋር አያንሱት። ለማዘጋጃ ቤቱ ለብቻው ጽፋችሁ፣ ደብዳቤው የገባበትን ቁጥርና ቀን ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።