ፍሪሲዮን በ22 ሺህ ኪሎ ሜትር ለምን አለቀ ላልከው ወንድሜ

«መኪናዋ ገና 22 ሺህ ነው የሄደችው፣ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፣ መካኒኩ ግን አነዳድህ ነው ይለኛል» ብለሃል። (ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያያይዘውና የሚለያየው ክፍል ነው።) እኔም ይህንኑ ተብዬ፣ አምኜ አስቀየርኩ። 9 ሺህ ሳልነዳ ያው የቃጠሎ ሽታ ተመለሰ።

1. የወጣውን የፍሪሲዮን ዲስክ ሳታይ እንዳታስጥል። የእኔ ሳላየው ተጥሏል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዘይት ከጠጣ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) እያፈሰሰ ነው፤ አዲሱም ይጠጣል። ደረቅ ሆኖ ቮላኖው (ዲስኩ የሚለጠፍበት የሞተሩ ክብ ብረት) ላይ ሰማያዊ ምልክት ካለ በሙቀት ነው የተቃጠለው። ያ ሙቀት ደግሞ ሁልጊዜ ከሹፌር እግር አይመጣም።

2. ፔዳሉን በጣትህ ጫን። ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶውን መሄድ አለበት። የእኔ ጭራሽ አይሄድም ነበር። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ላይ «ፔዳሉ ታች ወርዶ ነው የሚይዘው» ብዬ ጋራዥ ወሰድኩ፤ ልጁ የፔዳሉን ዘንግ አስረዘመልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ለካ ዘንጉ ሲረዝም የላይኛው ፓምፕ (ፔዳሉ የሚገፋው) ፒስተን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ የፍሪሲዮኑ ዘይት ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃው የሚመለስባትን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ያብጣል፣ መውጫ ያጣል፣ እግሬ ሳይነካው ፍሪሲዮኑን ይረግጠዋል። ጠዋት በብርዱ ደህና ትነዳለህ፤ መንገድ ተጨናንቆ ግማሽ ሰዓት ስትቆይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይከተልም።

ይህን ለጋራዡ ኃላፊ ስነግረው «መካኒክ ነህ እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት አሳፈረኝ። ቤት ገባሁና ራሴ ሞከርኩት። እያንሸራተተ ቆምኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ መነጽርና ጓንት አድርጌ የታችኛውን ፓምፕ (ካምቢዮው ጋ ያለውን) አየር ማስወጫ ሩብ ዙር ፈታሁ። ፔዳሉን ማንም ሳይነካው ዘይቱ ፈነጠቀ! አጥብቄ ስነዳ ጥርት አድርጎ ያዘ። ከዚያ የዘንጉን ዳዶ ፈትቼ ትንሽ አሳጠርኩት። ያው ሁለተኛው ዲስክ ከዚያ ወዲህ 41 ሺህ ሄዷል።

ስለዚህ ካምቢዮ ከማስወረድህ በፊት ሲሞቅና ሲያንሸራትት ይህን ሞክር። የዘይቱ ጠብታ ቀለም ስለሚልጥ ወዲያው በውሃ እጠበው። ዘይቱ ፈንጥቆ ዘንጉ ልክ ከሆነ፣ ውስጡ ያበጠ የጎማ ቱቦም እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱን አስቀይር። ካልፈነጠቀ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ፤ ሲወርድ ግን አጠገቡ ቁም፣ ዲስኩንም በእጅህ ተቀበል።