ሩጫና ልምምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር በ55 ደቂቃ እሮጣለሁ። ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ አንድ ሳምንት ቀድሜ አዲስ አበባ ብገባ ይበቃኛል?

መልስ፦ ለእንቅልፍዎና ለአተነፋፈስዎ ይጠቅማል፤ ለደምዎ ግን አይበቃም። አዲስ አበባ ላይ የኦክስጅን ድርሻ የቀነሰ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ድርሻው ግን እንደ ባሕር ዳርቻው ሁሉ 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ሲሆን፣ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ደም የሚያልፈው ኦክስጅን ያንሳል። ኩላሊት ጉድለቱን በሰዓታት ውስጥ አውቆ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን ቢለቅም፣ ሴሎቹ በርክተው ለሯጭ የሚደርሱለት ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ 55 ደቂቃውን ለዚህ ውድድር ይርሱት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በእርምጃና በቀላል ሶምሶማ ያሳልፉ፤ ዘመድ «እንጦጦ እንውጣ» ቢልዎም እሺ አይበሉ። በውድድሩ ዕለት የሚመራዎ የእጅ ሰዓትዎ ሳይሆን ትንፋሽዎ ይሁን፤ አጠገብዎ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተዎ ፈጥነዋል ማለት ነው። መነሻው ላይ ደግሞ የሕዝቡ ብዛት ራሱ ይይዝዎታል፤ አይበሳጩበት፣ ውለታ ነው።

ጥያቄ፦ ላስቲክ ለብሼ ስሮጥ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ስብ ቶሎ ያቀልጣል?

መልስ፦ አያቀልጥም። የወጣው ውኃ ስለሆነ ሲጠጡ ይመለሳል። ላስቲኩ ላብ እንዳይተን ስለሚከለክል ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ አውልቀው ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ጠዋት ረጅም ሩጫ ስሮጥ ጉልበቴ ይከዳኛል። ልምምዱን ላቋርጥ?

መልስ፦ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ሰዓቱን መቀየር ይበቃል። ሌሊት በጉበት የተከማቸው ስኳር በአብዛኛው ስለሚያልቅ፣ ጠዋት ሳይበሉና ሳይጠጡ የሚሮጥ ሰው ለአርባ ደቂቃ ሶምሶማ ባይቸገርም ለረጅሙ ግን ስንቅ ያጥረዋል። ቀላሉን ሩጫ ከመግደፊያዎ ትንሽ ቀደም ብለው ይሩጡት፣ ወዲያው ውኃና ምግብ ያገኛሉ፤ ረጅሙንና ፈጣኑን ደግሞ ከበሉ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ያድርጉት። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ለጡንቻ ጥገና የሚሆን ፕሮቲን ይሰጣል፤ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል። በጾም ወራት ይበልጥ የሚያሳስበኝ የብረት ማዕድን ነው፣ በተለይ ለሴት ሯጮች። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል፤ ገበታው ሳይነሣ ጀበና ለሚጣድበት ቤት ይህ መራራ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ሰዓት ያህል ይታገሡ። ሰላጣው ላይ ሎሚ መጭመቅ ግን ይረዳል።

ጥያቄ፦ ሩጫ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ትንፋሼ ተስተካክሏል፤ ቅልጥሜ ግን ያመኛል።

መልስ፦ ልብና ሳንባ ከአጥንት ቀድመው ይለምዳሉ፤ ትንፋሽዎ «ጨምር» እያለ ቅልጥምዎ ገና አልደረሰም። ለሁለት ሳምንት ሩጫውን በብስክሌት ወይም በዋና ይተኩ፤ ሲመለሱም ከአስፋልት ይልቅ አፈርና ሣር ይምረጡ። ሕመሙ በአንድ ጣት በሚነካ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ወይም ተኝተው ሳለ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሳይሮጡ በፊት ለሐኪም ያሳዩት።