መልስ፦ አሮጌ የማሽን ክፍሎችና የኮምፒውተር ሃርድዌር ሥዕላዊ መጽሐፍ ይጠቅማል?

ሰላም። «ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ፣ ግን ቆየት ያለ ሥዕላዊ መጽሐፍ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» ላልከው፣ ርካሽ ከሆነ ግዛው። የሚጠቅምህ ግን ግማሹ ነው።

የመጽሐፉ የማሽን ክፍሎች ምዕራፍ ቶሎ አያረጅም። ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዘንግ የሚይዝ ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ጊር፣ ሞላ፣ ቡሎንና ዳዶ ድሮ የተሳሉት ዛሬም ያው ናቸው። ለምሳሌ 6204 የሚል ኩሽኔታ ብታይ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዛ የውስጥ ቀዳዳው ስፋት 20 ሚሊ ሜትር መሆኑን ታውቃለህ። ስሌቱ ከ04 ጀምሮ ነው የሚሠራው፤ 00፣ 01፣ 02 እና 03 በቅደም ተከተል 10፣ 12፣ 15 እና 17 ሚሊ ሜትር ናቸው። ይህን ሰንጠረዥ ያልያዘ መጽሐፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጌጥ ነው። ሥዕሎቹም ተቆርጠው ውስጣቸውን የሚያሳዩ መሆናቸውን እይ። ፎቶ ብቻ ከሆነ የኩሽኔታውን ኳሶችና መያዣቸውን በደንብ አታይም።

ሃርድዌሩ ላይ ግን ተጠንቀቅ። የዴስክቶፕ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ብንወስድ፣ ዲዲአር3 የሚባለው ትውልድ 240 ፒን (የመገናኛ ነጥብ) አለው፤ ከሱ በኋላ የመጡት ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም ባለ 288 ናቸው፣ ግን መሐል ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። አሮጌ መጽሐፍ ይህን ከየት ያምጣው? የሃርድ ዲስክ አሠራርን የመሰለው መሠረታዊ ነገር ያው ነው፣ እሱን አንብብ። ለቀረው የራስህን ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርድ፤ እያንዳንዱ ማስገቢያ በሥዕል ተሰይሞ ታገኘዋለህ፣ ያውም በነፃ።