ከባሕር በታች ቆጣሪ ለመሆን ላሰባችሁ

ውድ ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ የባሕር ሕይወት ጥናት መማር ፈልጋችሁ ሥራው ምን እንደሚመስል ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። በስልክ የምመልሰው ስለማይበቃ በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። የተወለድኩት ጎንደር ገጠር ነው። በልጅነቴ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል መጥቼ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ኤላት፣ በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ነው። ሥራዬ እየጠለቁ መቁጠር ነበር፦ ኮራል (ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ)፣ ዓሣ፣ በአሸዋው ውስጥ የሚኖረውን ትል ሳይቀር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሙያው መዝገብ በዚያ ስለሆነ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ በዚህ ሙያ ትልቅ ዋጋ ያለው አንድ ጊዜ ወደ ቆጠሩበት ቦታ ተመልሶ በዚያው መንገድ እንደገና መቁጠር ነው። ወጣት ልብ አዲስ ቦታ፣ አዲስ ፍጥረት ይፈልጋል፤ እኔም ያን ጉጉት አልነቅፍም። ግን አንድ ሪፍ (ኮራሎች የሚሠሩት የባሕር ውስጥ ቋጥኝ) እየሞተ ነው ወይስ እያገገመ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ትናንት፣ አምና፣ ካቻምና የቆጠረ ሰው ብቻ ነው።

ቆጠራው እንዲህ ነው። አለቱ ውስጥ የተተከለ የብረት ችንካር አለ፤ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሳይ ነገር) ስለሸፈነው ቦታውን ለማያውቅ አይታይም። ሜትሩን ከችንካሩ ላይ ታስሩና ጥልቀታችሁን ሳትለቁ እየዘረጋችሁ ትሄዳላችሁ። ዓሣ የሚቆጥረው ሰው ቀድሞ ያልፋል፤ ሌሎቹ ተንጋግተው ከደረሱ በኋላ ዓሣው ይሸሻል። ከኋላ ያለው ደግሞ በየግማሽ ሜትሩ ከሜትሩ ሥር የሚያገኘውን ይጽፋል፦ ጠንካራ ኮራል፣ ለስላሳ ኮራል፣ አሸዋ፣ ስብርባሪ፣ ባዶ አለት። በ1997 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ቆጠራ ያካሄደው ሪፍ ቼክ የተባለ ድርጅት ፈቃደኛ ጠላቂዎችን የሚያሠለጥነው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ባለ 100 ሜትር መስመር ላይ አራት ጊዜ ሃያ ሃያ ሜትር ይቆጠራል፣ በመካከላቸው አምስት አምስት ሜትር ይዘለላል። የምንጽፈው በእርሳስ፣ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው። እርሳስ ውሃ ውስጥ አይለቅም። ዓይናችሁን ግን ቶሎ አትመኑት። በመጥለቂያ መነጽር (ማስክ) ስታዩ ነገር ሁሉ በሲሶ ያህል ተልቆ ይታያል፤ ዓሣን በዓይን ከመገመታችሁ በፊት ርዝመታቸው በታወቀ እንጨቶች ላይ ውሃ ውስጥ መለማመድ ያስፈልጋል። ቀይ ቀለምም ጥቂት ሜትር ስትወርዱ ይጠፋል፤ ቀዩ ኮራል ግራጫ መስሎ ይታያችኋል፤ ለዚህ ነው የእጅ መብራት የሚያዘው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ዜሮ። የባሕር ጃርት ቁጠሩ ተብላችሁ ወርዳችሁ አንድም ካላገኛችሁ በሰሌዳው ላይ ዜሮ ጻፉ። ባዶ አትተዉት። ባዶ ቦታ ማለት አልፈለግንም ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት ፈልገን የለም ማለት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከእናንተ መጠየቅ አይችልም።

ለምን የባሕር ጃርትን ምሳሌ እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው፣ ቀን በአለት ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ወጥቶ አልጌ የሚግጥ እንስሳ ነው። (ቀን የቆጠረና ሌሊት የቆጠረ ሰው ስለማይስማሙ ሰዓቱ ሁልጊዜ ይጻፍ።) በ1983 በካሪቢያን ባሕር፣ ከፓናማ አካባቢ ጀምሮ፣ የዚያ አካባቢ ጥቁር የባሕር ጃርት በበሽታ አለቀ። ጃማይካ ላይ ዓሣው ቀድሞ በማጥመድ ብዛት ተመናምኖ ስለነበር አልጌውን የሚግጥ ጠፋ። አውሎ ነፋስም ተጨመረበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ50 በመቶ በላይ የሆነውን የሪፉን ገጽ ይሸፍን የነበረው ሕያው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ፤ ቦታውን አልጌ ወረሰው። ይህን ልንናገር የቻልነው ከእልቂቱ በፊት የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጃርቱ በየቦታው ሞልቶ ሳለ እሱን መቁጠር ለብዙ ሰው አሰልቺ ሥራ ነበር።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። በ2022 በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የታየው ሞት በ2023 መጀመሪያ ኤላት ደረሰ። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የኦምሪ ብሮንስታይን ቡድን እንደዘገበው ጤነኛ የነበረ ጃርት በሁለት ቀን ውስጥ ሥጋው ተበልቶ ባዶ ቅሉ ይቀራል። አምጪው በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ ነው። ለዘመናት የማውቃቸው ስንጥቆች ባዶ ሆነው ሳያቸው አዝኜ ነበር፤ ሐዘኔን ግን ሰሌዳ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ የተጻፈው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። ከጎኑ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች ባይኖሩ ያ ዜሮ ለማንም ምንም አይናገርም ነበር።

በኤላት የቆጠራን ኃይል በመጀመሪያ ያሳዩት የኮራል ተመራማሪው ዮሲ ሎያ ናቸው። በ1969 ሪፉ ላይ አሥር አሥር ሜትር ገመድ ዘርግተው ከሥሩ ያለውን ኮራል እያንዳንዱን መዘገቡ። በ1970 መስከረም ላይ ባሕሩ ባልተለመደ ሁኔታ ዝቅ ብሎ የሪፉ አናት ለፀሐይ ተጋለጠና አብዛኛው ኮራል ሞተ። እሳቸው ተመልሰው ቆጠሩ። ብክለት የሌለበት ሪፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገገመ፤ ከነዳጅ ማራገፊያው አጠገብ ያለው፣ ነዳጅ በየጊዜው የሚፈስበት፣ አዲስ ኮራል ሊተካበት አልቻለም። አደጋው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን ተለየ የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚያ ገመድ ነው። ማዕበል መጥቶ ሪፍን ቢጎዳ ሪፉ መልሶ ያድጋል፤ በየቀኑ የምንመርዘው ከሆነ ግን የሚያድግበት ጊዜ አናተርፍለትም።

ትንንሾቹን መቁጠር አትርሱ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ትልቅ ኮራል ዓይን ስለሚያታልል ነው። ቶም ሽሌሲንገርና ሎያ በ2019 ያሳተሙት ጥናት ይህን ግልጥ አድርጎ አሳይቷል። የብዙ ዝርያ ኮራሎች በዓመት በተወሰነ ወቅት፣ በተወሰነ የጨረቃ ቀን፣ የአንድ ዝርያ የሆኑት ሁሉ በአንድ ሰዓት እንቁላልና ዘራቸውን ወደ ውሃው ይለቃሉ፤ የሚለቀቀው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚቆይ ካልተገጣጠሙ ፅንስ የለም። እነሱ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት እየጠለቁ ሲመለከቱ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ቀናቸው እንደተበታተነ አወቁ። ከዚያ ወለሉን ሲመረምሩ የእነዚያው ዝርያዎች ሕፃናት ጥቂት ሆነው ተገኙ። ትልልቆቹ ግን እንደ ድሮው ውብ ሆነው ቆመዋል፤ ጎብኚ አይቶ ያደንቃቸዋል። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ማለት ነው። ስለዚህ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውን ኮራል ለማየት ፊታችሁን ወደ አለቱ አስጠጉና ጊዜ ስጡት። ያን ሥራ ከሁሉ የተሻለ የሚሠሩት ታጋሾች ናቸው።

አሸዋውም ሕያው ነው። ብዙ ተማሪ ኮራል ላይ ሲያበቃ አሸዋውን ዘሎ ያልፋል። ከአሸዋው ናሙና አውጥታችሁ በግማሽ ሚሊ ሜትር ወንፊት ስታጠቡት ትል፣ ትንንሽ ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ መሳይ ነፍሳት ይቀራሉ፤ ወለሉ ላይ ምን እንደደረሰ ቶሎ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ኤላት ላይ የዓሣ ማርቢያ መረቦች ነበሩ፣ በ2008 እንዲነሡ ተደርገዋል። ከእንዲህ ያሉ መረቦች የሚወርደው ትርፍ ምግብና ኩስ ኦክስጅኑን ጨርሶ ጭቃውን ያጠቁረዋል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ብዙ ዓይነት ነፍሳት ከነበሩበት ጥቂት ቻይ ትሎች ብቻ ይቀራሉ። መረቦቹ ርቀው ያሉትን ኮራሎች ጎድተዋል ወይስ አልጎዱም በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረዋል፤ ወገኖቹ ሁሉ የቆጠራ ቁጥር ይዘው ነበር የቀረቡት። እናንተም የምትጽፉት ቁጥር የሰው እንጀራ ያለበት ክርክር ውስጥ እንደሚገባ እወቁ።

በዚህ ላይ አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ የባሕር ዳር ግንባታ ባለቤት ከሥራው በፊት ወለሉን እንድናጠና ቀጠረን። መስመራችን ጥቅጥቅ ያለ ኮራል ላይ እንደወደቀ ሲሰማ ትንሽ ወደ አሸዋው ብታዞሩትስ አለን፤ በትሕትና ነው የጠየቀው፣ ምንም ክፉ ነገር የጠየቀም አይመስለውም ነበር። መስመሮቹን ገና ጀልባ ሳንሳፈር በካርታ ላይ በዕጣ አውጥተን ስለነበር የሚዞር ነገር አልነበረም። ሁልጊዜ እንዲህ አድርጉ። ቦታውን ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ከመረጣችሁ ማንም ባይገፋችሁ እንኳ ዓይናችሁ ራሱ ወደ ውቡ ይወስዳችኋል።

ብዙዎቻችሁ ይህ ለእኛ ምን ቅርበት አለው ትሉኛላችሁ። የአቃባ ኮራል ከብዙ አካባቢ ኮራል የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 ያቀረቡት ማብራሪያ፣ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ የኮራሎቹ ዘር ወደ ሰሜን የመጣው በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ በሞቃቱ ደቡባዊ ቀይ ባሕር አልፎ ስለሆነ ሙቀት ያልቻለው መንገድ ላይ ቀርቷል የሚል ነው። ይህ ከሆነ የኤላት ሪፍ አያቶች በእነ ምጽዋ፣ በእነ ዳህላክ ደጅ ያለፉ ናቸው። የጣና ልጆች ደግሞ በራሳችሁ ሐይቅ ተመሳሳይ ታሪክ አላችሁ፤ ከ1991 እስከ 2001 በአንድ ዓይነት መረብ፣ በአንድ ዓይነት ቦታ እየተጠመደ የተቆጠረው የጣና ነጭ ዓሣ ክምችቱ ክፉኛ እንደወረደ ያሳየው ተደጋጋሚ ቆጠራ ነው።

መማር ስትጀምሩ በመጀመሪያ ዋናን፣ ቀጥሎ መጥለቅን አጥኑ፣ ነገር ግን ስታቲስቲክስን ከሁለቱም እኩል አክብሩት። አብሯችሁ ከሚጠልቀው ጓደኛችሁ ሳትለዩ ጥለቁ። አየር ሲያንስ መስመሩ ባያልቅም ውጡ፤ ስትወጡም አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆዩ። ያላለቀ መስመር ነገ ይጨረሳል። የኮራል ስም በአንድ ጊዜ ሁሉን ለመያዝ አትድከሙ፤ ወገኑን በትክክል ማወቅ ዝርያውን በግምት ከመጻፍ ይሻላል። የማታውቁትን "ያልታወቀ" ብላችሁ ፎቶውን አያይዙ። አሁን ፎቶ እየገጣጠመ ሪፉን በሦስት ገጽታ የሚያሳይ ፕሮግራም አለ፤ ተጠቀሙበት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተምሬዋለሁ። ግን አዲሱን ዘዴ ከአሮጌው ጎን ለጎን ለጥቂት ዓመት ካላስኬዳችሁት የአሮጌው መዝገብ ይቋረጣል፤ ለውጡ የሪፉ ይሁን የካሜራው መለየት አይቻልም።

በመጨረሻ ስለ ዳህላክ። በ1962 እና በ1965 እስራኤላውያን ተመራማሪዎች፣ ደሴቶቹ ያኔ በኢትዮጵያ ሥር ሳሉ፣ እንተደቢር ደሴት ላይ ሰፍረው የደቡብ ቀይ ባሕርን ፍጥረት ሰበሰቡ። ዓሦቹ ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጠዋል፤ ዘገባዎቹም ታትመዋል። ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ወደዚያ ሪፍ የሚሄድ የጥናት ቡድን ውስጥ ለመግባት ዕድል ካገኛችሁ መጀመሪያ እነዚያን ዘገባዎች አንብቡ። ናሙና ከተወሰደባቸው ቦታዎች ቢያንስ ጥቂቶቹን በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ፤ አለቃችሁ አዲስ ቦታ ይሻላል ቢል እንኳ ተከራከሩለት።