መልስ፦ ቀበና ወንዝ ዳር ላለው ጓሮ

ወንድሜ፣ የፀረ ተባይ መርጫ ፓምፕ በምታጥብበት ጥግ የሚፈሰውን መርዝ ፈንገስ ያጸዳዋል ወይ ላልከው፦ ያጸዳዋል፣ ጭድ ካገኘ። ከወንዙ ራቅ በልና ፓምፑን የምታጥብበት 70 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍር፤ ከታች 10 ሳንቲሜትር የሸክላ አፈር ጠቅጥቅ። በላዩ ሁለት እጅ የስንዴ ጭድ፣ አንድ እጅ የጓሮህ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለህ ሙላ፤ ከ1 እስከ 2 ወር ይብላላ።

ፈንገሱ ጭዱን የሚያጠነክረውን ሊግኒን የተባለ ነገር ለመስበር የሚያመነጨው ኢንዛይም (ሰባሪ ንጥረ ነገር) ብዙ ፀረ ተባዮችንም ይሰባብራል። ዩሪያና ትኩስ ፍግ ግን አደራ አትጨምር፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ኢንዛይሙ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው በውኃ ነው፦ ድብልቁን በእጅህ ጨምቀኸው ውኃ ከወረደ አየር አጥቷል። በክረምት ቆርቆሮ አልብሰው፣ አለዚያ ዝናቡ መርዙን አጥቦ ቀበና ይከተዋል። መዳብ ያለበት መድኃኒት በፍጹም አይግባ፤ መዳብ አይፈርስም፣ ፈንገሱንም ይጎዳል። እዚያ ላይ የበቀለ እንጉዳይ አይበላም።