የአሞሪም ሦስት ተከላካይ፦ በሊዝበን ሰምሮ በማንቸስተር ለምን ከሸፈ?

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ ሩበን አሞሪም በ3-4-2-1 (ሦስት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይ በሁለት የመስመር ተመላላሽ መሃል፣ ሁለት አጥቂ አማካይ፣ አንድ አጥቂ) የሊዝበኑን ስፖርቲንግ ሁለት ጊዜ የፖርቹጋል ሻምፒዮን አድርጓል፤ ማንቸስተር ሲቲንም 4ለ1 ረትቷል። ከዚያ የተረከበው ማንቸስተር ዩናይትድ ግን 2024/25ን በ15ኛ ደረጃ ጨረሰ። ጓደኞቼ «ሦስት ተከላካይ ለእንግሊዝ አይሆንም» ይላሉ። እውነት ነው?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ቼልሲን ረስተዋል። የያኔው አሰልጣኙ አንቶኒዮ ኮንቴ በ2016 መስከረም ወር በአርሰናል 3ለ0 ከተሸነፈ በኋላ ወደ ሦስት ተከላካይ ዞረ፤ 13 የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በ93 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚህ ቁጥሩን እንተወውና እያንዳንዱ ተጫዋች የሚሠራውን እንይ።

ቡድኑ ኳስ ሲይዝ 3-2-5 ይሆናል፤ ኳስ ሲያጣ ደግሞ 5-4-1 ወይም 5-2-3። ቅርጹን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይሩት ሁለቱ የመስመር ተመላላሾች ናቸው። ዳር የሚይዝ ሌላ ሰው ስለሌለ ከራሳቸው የቅጣት ክልል እስከ ተጋጣሚ ማዕዘን ይመላለሳሉ። አሞሪም በስፖርቲንግ ለዚህ ሥራ በተለያየ ጊዜ ኑኖ ሜንዴስና ፔድሮ ፖሮ ነበሩት። ዩናይትድ ሲመጣ ሉክ ሾው አብዛኛውን ጊዜ ተጎድቶ ስለነበር ቀኝ እግረኛው ዲዮጎ ዳሎት በግራ ተሰለፈ። ቀኝ እግረኛ በግራ መስመር ኳስ ሲደርሰው ለማሻገር ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። በዚያች ቅጽበት የተጋጣሚ ተከላካዮች ይሰበሰባሉ፤ ተመላላሹም አጥቂ አማካዩ የቆመበት ቦታ ላይ ይደረባል። ሜዳው ጠበበ ማለት ነው። ግራ እግረኛው ፓትሪክ ዶርጉ ከጣሊያኑ ሌቼ የመጣው የጃንዋሪው የዝውውር መስኮት ሊዘጋ ሲል ነው፤ የውድድር ዘመኑ ያኔ ከግማሽ አልፏል።

የባሰው ቁስል ግን መሃል ሜዳ ላይ ነው። ሁለት አማካዮች በ4-3-3 የሚመጣ ቡድን ሲገጥሙ ከሦስቱ አንዱ ነፃ ይሆናል። ማን ይያዘው? አንድም ከሦስቱ ተከላካዮች የዳሩ ወደ ፊት ይወጣል፣ አንድም ከሁለቱ አጥቂ አማካዮች አንዱ ወርዶ ያግዛል። ተከላካዩ ትንሽ ከዘገየ ያ ነፃ ሰው ኳስ ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግብ ያዞራል። ወጥቶ ሳለ የመስመር ተመላላሹ ካልሸፈነለት ደግሞ ከጀርባው ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል። በፖርቹጋል አብዛኛው ቡድን ስፖርቲንግን ሲገጥም በራሱ ሜዳ ተከማችቶ ስለሚጠብቅ ይህ ፈተና የየሳምንቱ አልነበረም። በእንግሊዝ ግን ከደረጃው ግርጌ ያለውም ቡድን ሦስት ሯጭ አማካይ አሰልፎ ይመጣል። ኮንቴ እዚያ ቦታ ላይ ካንቴና ማቲች ነበሩት (ካንቴ ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራ ነበር)። አሞሪም ያገኛቸው ካሴሚሮና ኤሪክሰን ግን 32 ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ለማቀበል ጎበዞች ናቸው፣ ለመሮጥ ግን ጊዜያቸው አልፏል።

ጥያቄ፦ የዩናይትዱ አማካይ ኡጋርቴ እኮ በስፖርቲንግ ከአሞሪም ጋር ሠርቷል። አጨዋወቱን የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው። ለምን አልረዳም?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጫና የሚፈጠረው በሰንሰለት ነው። አንዱ ሲወጣ ከኋላው ያለው አብሮ ካልተጠጋ የወጣው ሰው ራሱ ክፍተት ይከፍታል። ኡጋርቴ ቢያውቅም በጎኑና ከኋላው ያሉት ገና እየተማሩ ነበር። ይህ ደግሞ በስብሰባና በቪዲዮ ብቻ አይመጣም፤ ሜዳ ላይ መደጋገም ይፈልጋል። አሞሪም ከኖቬምበር 24 እስከ ዲሴምበር 7፣ 2024 ባሉት 14 ቀናት 5 ጨዋታ አደረገ። ከጨዋታ ማግስት ማገገሚያ ነው፣ የጨዋታ ዋዜማ ቀላል ልምምድ ነው፤ ለአሰላለፍ የሚተርፈው ቢበዛ አንድ ቀን። ኮንቴ በዚያ ዓመት አውሮፓ ውድድር ስላልነበረው አብዛኛውን ሳምንት ሙሉ ለልምምድ ያገኝ ነበር። በእኛ እይታ ይህ ልዩነት ከተጫዋቾቹ ጥራት አያንስም። አሞሪም በዚያ ዘመን ከመራቸው 27 የሊግ ጨዋታዎች ያገኘው 27 ነጥብ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በ2025 አጥቂዎቹ ኩኛ፣ ምቤሞና ሼሽኮ ተገዙለት። ያኔስ ምን ጎደለው?
(አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ገንዘቡ የፈሰሰው ፊት ላይ ነው፤ ክፍተቱ የነበረው መሃል። ሁለቱ የአጥቂ አማካይ ቦታዎች ሲሞሉ ብሩኖ ፈርናንዴዝ ወደ ሁለቱ አማካዮች ወረደ። ከዚያ ረጅም ኳስ ያከፋፍላል፤ ነገር ግን ከግብ ይርቃል፣ ወደ ፊት ሲሄድም የሚይዘውን ሰው ይተዋል። አሞሪም ጳጳሱ ራሳቸው ቢለምኑትም አሰላለፉን እንደማይቀይር ተናግሮ ነበር። ግትርነቱ ጨርሶ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚቀያየር ቡድን አንዱንም በቅጡ አይማርም። ሆኖም በዲሴምበር 26 በአራት ተከላካይ ኒውካስልን 1ለ0 አሸንፎ፣ ቀጥሎ ወደ ሦስት ሲመለስ ከዎልቭስ ጋር 1ለ1 ወጣ። በጃንዋሪ 2026 ተሰናበተ።

እንደ እሱ የሚያሰልፍ ቡድን ሲያዩ፣ የተጋጣሚ ግብ ጠባቂ ኳስ ሲያስጀምር ዓይንዎን ከኳሷ አንስተው የተጋጣሚን ሦስተኛ አማካይ ይፈልጉ። ማንም ሳይደርስበት ሁለት ሦስቴ ከተቀበለ፣ ከዳር ተከላካዮቹ ወይም ከአጥቂ አማካዮቹ አንዱ ሥራውን ዘንግቷል። ሰው ደርሶበትም በሩጫ ካለፈው ግን ችግሩ የተጫዋቹ አቅም ነው።